ጋሽ ነቀዝ ያመለክታሉ

በዓለም ላይ ያለ የምርምር ተቋም ሁሉ ሦስት ነገር አያጣም፤ በሩ አልገጥም ያለ ማቀዝቀዣ፣ ቁልፉ የጠፋ ቁም ሣጥን፣ እንዲሁም በየዓመቱ ለምርምር ገንዘብ እያመለከተ በየዓመቱ የሚወድቅ አንድ ትልቅ ሰው። ማቀዝቀዣውንና ቁም ሣጥኑን የንብረት ክፍል አንድ ቀን ሊያነሳቸው ይችላል። ሰውየውን ግን ማንም አይነካውም፤ ቤቱ ቀጥ ብሎ የቆመው በእሱ ነውና። ይህን በድፍረት ነው የምናገረው። «እኛ ቤት እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም» የሚል ካለ ደጋግሞ ያስብ፤ ምናልባት ሰውየው ራሱ ሊሆን ይችላል።

የእኛው ጋሽ ነቀዝ ይባሉ ነበር። ፊት ለፊት «ዶክተር»፣ ቀረብ ሲሉን «ጋሼ»፣ ዞር ሲሉ ደግሞ «ጋሽ ነቀዝ»። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው አላውቅም፤ እሳቸው ግን ያውቁት ነበር፤ ቅርም አላላቸውም። እንዲያውም አንድ ጊዜ ስልክ አንስተው «አዎ፣ ነቀዝ ነኝ» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በእኛ ቤት ሰው የሚጠራው በሚያጠናው ነገር ነበር። እኔ ድንቹ ነኝ። ከእኔ ፊት ለፊት የአፈሯ ትቀመጣለች፤ ከእሷ ቀጥሎ ዓሣው። «ድንቹ ገባ እንዴ?» ሲባል የሚስቀው እንግዳ ሰው ብቻ ነው።

ክፍላቸው ኮሪደሩ የሚያልቅበት ላይ ነበር። ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ አፋቸው በስስ ጨርቅ የታሰረ ጠርሙሶች፣ ጠርሙሶቹ ውስጥ እህልና ነቀዝ። ጸጥ ባለ ከሰዓት ጆሮዎን ጠርሙስ ላይ ቢያስጠጉ ሲቆረጥሙ ይሰማል። ጋሽ ነቀዝ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስደርጉት ይህንኑ ነው፤ የሚኒስቴር ሰው ይሁን የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ለእሳቸው ለውጥ የለውም። «ጆሮህን አምጣ» ይላሉ። ከዚያ ፊቱን ያያሉ። የተገረመ ወዳጅ ይሆናል፤ ያልተገረመ ግን ሁለተኛ ወንበር አይሳብለትም።

ከጠርሙሶቹ መካከል አንዱ የማይቆረጠም ነበር። ውስጡ ያለው በቆሎ ትንንሽ፣ መልኩም የማያምር ነው። ነቀዝ ይገባበታል፣ ፍሬው ላይ ሽቅብ ቁልቁል ይላል፣ ከዚያ ሳይበላ ይሞታል። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ይህን ዘር እያባዙ ያቆዩት እሳቸው ናቸው። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ «ለምን አይበላውም? ደግሞስ ጠርሙስ ውስጥ ያልተበላ፣ እውነተኛ ጎተራ ውስጥ ቢገባስ?» ይህን ለማወቅ ጎተራ መሥራት፣ እህል መሙላት፣ ወቅት እስኪፈራረቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ደግሞ የመንግሥት የምርምር ፈንድ ደጅ መጥናትን ይጠይቃል። እናም የተከበሩ ጋሽ ነቀዝ ደጅ ጠኑ። ምን መጥናት ብቻ፣ ደጁ ላይ አረጁ ማለት ይቀላል።

የፈንዱ ጥሪ የሚወጣበት ወቅት እንዴት ይናፍቀኛል መሰላችሁ! ዛሬ ጥሪው በስልካችን ጢው ብሎ ይመጣል፤ እያንዳንዳችን በራችንን ዘግተን የኮምፒውተሩን ሳጥን ስንሞላ እንውላለን፤ ፊደል ሲበዛ ሳጥኑ ቀይ ይሆናል፤ በቃ። ያኔ ግን ማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ነበር። በተለጠፈ በማግስቱ የቤቱ ጠባይ ይለወጣል። ሰላምታ ያጥራል። ወረቀት ከማተሚያው ይሰወራል። ትናንት ሻይ አብሮህ የጠጣ ሰው ስትገባ ወረቀቱን ገልብጦ ያስቀምጣል። ሁሉም ለአንድ ገንዘብ ነው የሚወዳደረው፤ አንዱ ሲያገኝ ሌላው ማጣቱ አይቀርም።

ሳይደብቁ የሚወዳደሩት ጋሽ ነቀዝ ብቻ ነበሩ። ጥሪው በወጣ ዕለት ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር እየሄዱ በር ያንኳኳሉ። «የዘንድሮው ይለያል!» ይላሉ። የአምናውም ይለያል ብለው ነበር። የካቻምናውም።

ፈንዱ በየዓመቱ አንድ መሪ ርዕስ ያወጣል፤ ጋሽ ነቀዝ ደግሞ በየዓመቱ ለነቀዛቸው አዲስ ልብስ ይሰፉለታል። መሪ ርዕሱ የአየር ንብረት የሆነ ዓመት «ነቀዝ በሚለዋወጥ የአየር ንብረት ውስጥ» ብለው አስገቡ። የወጣቶች ሥራ ፈጠራ ሲሆን «ነቀዝና የወጣቱ ተስፋ» ሆነ። የዲጂታል ዘመን ሲመጣ «ብልሁ ጎተራ» አሉት። አንድ ዓመት መሪ ርዕሱ የከተማ ትራንስፖርት ነበር፤ «አሁንስ ምን ሊያደርጉ ነው?» ብለን ተወራረድን። ጋሼ ቅንጣት አልጨነቃቸውም፤ ነቀዝ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ከአገር አገር እንዴት እንደሚዘዋወር የሚያትት ማመልከቻ ጽፈው አረፉት።

ወደቀ። ሁሉም ወደቁ።

አስገራሚው ነገር ይህ አይደለም። አስገራሚው ነገር፣ በእሳቸው እጅ ያለፈ የሌላ ሰው ማመልከቻ አለመውደቁ ነው። በቤታችን አንድ ደንብ ነበር፤ ማንም አልደነገገውም፣ ግን ማንም አይተላለፈውም። ማመልከቻህን ፖስታ ውስጥ ከመክተትህ በፊት ኮሪደሩ መጨረሻ ድረስ ሄደህ ጮክ ብለህ ታነባለህ። ጋሽ ነቀዝ ጀርባቸውን ሰጥተውህ የመታጠቢያው ገንዳ ላይ ጠርሙስ ያጥባሉ። ወረቀቱን አያዩትም፤ ማየትም አይፈልጉም። የሚያዳምጡት ብቻ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ስትጨርስ አንድ ነገር ይላሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን ያልለወጡት ቃል ነው፤ «ታዲያ ምን ይጠበስ?»

እኔ ገና አዲስ ገብቼ የመጀመሪያ ማመልከቻዬን ይዤ ስቆም እንዲህ ነበር የሆነው።

«ድንች በዓለም ላይ በስፋት ከሚመረቱ ሰብሎች አንዱ ነው» ብዬ ጀመርኩ፤ ድምፄን እንደ ዜና አንባቢ ሞርጄ።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?»

«ጋሼ፣ መግቢያ ነው እኮ።»

«መግቢያ ከሆነ አስገባኛ! በር ላይ ገትረህ ትጫወትብኛለህ እንዴ?»

ቀጠልኩ። «የድንች በሽታዎች በምርቱ ላይ ከፍተኛ ጉዳት ያደርሳሉ።»

«ታዲያ ምን ይጠበስ?»

«ድንቹ ይጠበሳ!» አልኩ፤ ደሜ ፈልቶ ነበር።

ጠርሙሱን አስቀመጡ፤ ግን አልዞሩም። «ተናደድክ አይደል? ጎሽ። አሁን ወረቀቱን ጣለውና ምን እንዳናደደህ ንገረኝ። ድንቹን ማለቴ ነው እንጂ እኔን አይደለም።»

«ምን እንደሚያናድደኝ ልንገርዎት? ሰውየው ከመከሩ ጤነኛ የመሰለውን ድንች መርጦ ለዘር ያስቀምጣል። በሽታው ውስጥ ለውስጥ አለ፣ ከላይ አይታይም። ከዚያ በገዛ እጁ፣ በገዛ ማሳው በሽታውን ይተክላል። ደግሞ ምርጡን ነው የመረጠው እኮ! ይሄ ነው የሚያናድደኝ።»

አሁን ዞሩ። እጃቸው ሳሙና እንደሆነ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «ይኸውልህ! ይቺን ጻፋት። የመጀመሪያው መስመር ላይ። ዓለምን ተዋት፣ ዓለም የራሷን ማመልከቻ ትጻፍ።»

ጻፍኳት። አለፍኩ። ጋሼ በዚያው ዓመት በጭነት መኪናው ነቀዝ ወደቁ፤ እኔን ግን በኮሪደሩ መሐል አቅፈው «አላልኩህም?» እያሉ ጀርባዬን ሲደበድቡኝ ያሸነፉት እሳቸው ይመስሉ ነበር።

ስለ ገምጋሚዎች የራሳቸው ፍልስፍና ነበራቸው። «ገምጋሚ ሰው ነው፤ ይርበዋል» ይሉናል። በእሳቸው እምነት በምድር ላይ ያለ ማመልከቻ ሁሉ የሚነበበው ከምሳ በፊት ነው። ገምጋሚው ሰዓቱን እያየ፣ ሆዱ እየጮኸ ነው የሚያነብህ። ስለዚህ አታስርበው፤ ፍሬ ነገሩን በመጀመሪያው ገጽ አጉርሰው። የአፈሯ ባለሙያ፣ ምላሷ ስለታም ነው፣ አንድ ቀን «ጋሼ፣ ከምሳ በኋላስ የሚያነብ የለም?» አለቻቸው። «አለ። እሱ ደግሞ ይተኛል» አሏት።

ማመልከቻ የሚገባበት ቀንማ ድግስ ነበር። የፈንዱ መዝገብ ቤት አንዲት ትንሽ መስኮት አለችው፤ ከመስኮቷ በስተጀርባ ፊቱ ፈገግታ የማያውቅ አንድ ሰው ይቀመጣል። «የመስኮቱ ሰውዬ» እንለዋለን። እኩለ ቀን ሲሆን መስኮቷን ይዘጋል፤ አባቱም ቢቆም አይከፍትም። ጋሽ ነቀዝ በጠዋት ሁላችንንም እንደ ተማሪ ሰብስበው በእግር ይዘውን ይሄዳሉ። ቦርሳቸው ውስጥ ስቴፕለር፣ ሙጫ፣ ትርፍ እስክሪብቶ፣ ትርፍ ፖስታ አለ። ሰልፉን ከላይ እስከ ታች እየተመላለሱ «ፊርማ? ማኅተም? የበጀት ገጽ?» ይላሉ። የሌላ ተቋም ሰው ይሁን፣ በዚያው በእሳቸው ዘርፍ የሚወዳደራቸው ይሁን አይለዩም።

አንድ ዓመት የአፈሯ የበጀቷን ገጽ ቤት ረስታ መጣች። መስኮቱ ሥር ደርሳ ነው ያየችው፤ እዚያው ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ጋሼ የራሳቸውን ፖስታ ለእኔ ሰጥተው «ተራዬን ያዝልኝ» አሉና እጇን ይዘዋት ወጡ። ማዶ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ቁጭ አድርገዋት ገጹን እንደ አዲስ አስጻፏት፤ አሳትመው፣ በስቴፕለር መትተው፣ እየሮጡ መለሷት። እኔ ተራ ይዤ ነበር፤ ነገር ግን የጋሼ ፖስታ ላይ የራሳቸው ፊርማ ጎድሎ ተገኘ። የሰልፉን ሁሉ ፊርማ ሲያዩ የራሳቸውን ረስተውታል። የአፈሯ የመጨረሻዋ ሆና ገባች፤ እሳቸው ብዕር ከኪሳቸው ሲያወጡ መስኮቷ ተዘጋች።

«እባክህ ወንድሜ፣ ፊርማ ብቻ ናት» አልኩት የመስኮቱን ሰውዬ በመስታወቱ።

«ሰዓቱ ደርሷል» አለ።

ጋሼ ክንዴን ያዙኝ። «ተወው፣ ልክ ነው። ለእኔ ከከፈተ ነገ ለማን ሊዘጋ ነው?» አሉ። ስንመለስ መንገዱን ሁሉ የሳቁት እሳቸው ነበሩ፤ የአፈሯ ግን እስከ ቢሮዋ አላናገረችንም።

የውድቀቱን ደብዳቤ እንኳ በወግ ነበር የሚቀበሉት። ፈንዱ ለወደቁት ሁሉ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ይልካል፤ ረጅም፣ ውስብስብ፣ መጨረሻው መጀመሪያውን የሚረሳ። ጋሽ ነቀዝ አንድ ዓመት ቀይ ብዕር አንስተው አረሙት። ዳር ዳሩ ላይ «ታዲያ ምን ይጠበስ?» እያሉ ጻፉበት። ከዚያ በፖስታ አድርገው ለፈንዱ መልሰው ላኩት። በዓመቱ እንደ ልማዳቸው ሲወድቁ የመጣው ደብዳቤ አጭርና ጨዋ ነበር፤ ቃል በቃል የእሳቸው እርማት። ያን ዕለት ደብዳቤውን ለሁላችንም እያዞሩ አሳዩን። «ከደረሱኝ ሁሉ ምርጡ ነው፤ ለካ በደንብ ሲጻፍ አይከፋም» አሉ።

ታዲያ የሌላውን ሁሉ የሚያቃኑ ሰው የራሳቸው ለምን ይጎብጣል? መልሱን ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ የሚደፍር አልነበረም እንጂ። የጋሼ ማመልከቻ የሚጀምረው «ነቀዝ በምድር ላይ ከሰው ልጅ አስቀድሞ የተገኘ ፍጡር ሲሆን» ብሎ ነው። ከዚያ የነቀዝ ዘር ማንዘር ይቆጠራል። የተራበው ገምጋሚ እዚያችው በቆሎ ጋ ሳይደርስ ምሳው ደርሶ ይሄዳል። «ጋሼ፣ እርስዎም ያንብቡልን እንጂ» ስንላቸው እጃቸውን ያወናጭፋሉ። «የእኔ ይቆይ። የእኔን እኔ አውቀዋለሁ።»

የጡረታቸው ዓመት ደረሰ። አንድ ጠዋት የንብረት ክፍል ሰዎች ሜትር ይዘው ኮሪደራችን መጨረሻ ላይ ታዩ። የግድግዳውን ወርድ ለኩ፤ የበሩን ስፋት ለኩ። አዲስ ትልቅ ፎቶ ኮፒ ማሽን ስለሚመጣ ማስቀመጫ ተፈልጎ ነው። ጋሽ ነቀዝ ሜትሩ እንዲያልፍላቸው ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። «ጠርሙሶቹስ የት ይሄዳሉ?» ብዬ ብጠይቅ አንደኛው «ይወገዳሉ» አለኝ። ለእሱ ጠርሙስ ነው። ነቀዝ የማይበላት በቆሎ ግን በየጊዜው ካልተዘራችና ካልታደሰች ትሞታለች፤ በሌላ ቦታ ደግሞ የለችም። በቤቱ ደንብ ገንዘብ ያገኘ ጥናት ያለው ሰው ጡረታው ቢደርስም ጥናቱ እስኪያልቅ ክፍሉን አይለቅም። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር። የዚያ ዓመት ጥሪ የመጨረሻቸው ነው።

«የዘንድሮው ይለያል» ሳይሉ የቀሩት ያን ዓመት ብቻ ነው።

የአፈሯና እኔ ተመካከርን። አንድ ከሰዓት ገባን፤ እሷ በሩን ዘጋች፣ እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ መታጠቢያው ገንዳ ጋ ሄድኩና ጀርባዬን ሰጥቻቸው አንድ ጠርሙስ ማጠብ ጀመርኩ።

«ምን እያደረግህ ነው አንተ?»

«ያንብቡ ጋሼ።»

ከዚያ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። «ነቀዝ በምድር ላይ ከሰው ልጅ አስቀድሞ የተገኘ ፍጡር ሲሆን...»

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» አለች የአፈሯም።

ተቆጡ። በሕይወቴ እንደዚያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። እናንተ ትናንት የመጣችሁ፣ እኔ ያስተማርኳችሁ፣ ምናምን አሉን። እኔ ማጠቤን ቀጠልኩ። ተነፈሱና እንደገና አነበቡ። እንደገና ጠየቅናቸው። ሦስተኛው ላይ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት።

«እናቴ» አሉ። «እናቴ ጎተራውን ልትከፍት ስትሄድ ተከትያት ነበር። ሙሉ ጎተራ ነው፤ ያን ዓመት መከሩ ጥሩ ነበር። እጇን እስከ ክርኗ ሰደደች። ስታወጣው ዱቄት ነው። እህሉ ውስጡ ተበልቶ ዱቄት ሆኗል። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ጎተራውን መልሳ ከደነች፣ 'ገና ነው፣ የመክፈቻው ጊዜ አልደረሰም' አለችን ለእኛ ለልጆቿ። እኔም ያየሁት ነገር አልገባኝም፤ ሁላችንም ጎተራው ሙሉ መስሎን በየቀኑ 'ደረሰ ወይ?' እያልን እንጠይቃት ነበር። እሷም 'ገና ነው' ትለናለች። ስንት ጊዜ አስዋሸናት! እኔ ይሄን ነው። ሌላ እናት ጎተራ ከፍታ ልጆቿን እንዳትዋሽ ነው የምፈልገው። ይኸው ነው እንግዲህ፤ ሌላ ነገር የለኝም።»

ጠርሙሱን አስቀምጬ ዞርኩ። የአፈሯ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራለች።

«ይቺን ይጻፏት» አልኩ።

«ይሄ እኮ ሳይንስ አይደለም ልጄ።»

«የመጀመሪያው መስመር ላይ» አለች የአፈሯ፤ ሳትዞር።

ጻፏት። እናቴ የሚለውን አወጡት፤ ቀሪው ግን ገባ። ፖስታው ላይ መፈረማቸውን የአፈሯ አረጋገጠች፤ መስኮቷም ሳትዘጋ ደረስን።

አሁን የሚመጣው ነገር ከዚያ በፊት በየትኛውም ቤት ሆኖ አያውቅም ብዬ አምናለሁ። ማመልከቻዎቹ ከገቡ በኋላ ፈንዱ አዲስ የግምገማ ኮሚቴ አቋቋመ፤ በዚያ ዓመት ያላመለከቱ፣ ቀደም ሲል ግን አሸንፈው የሠሩ ሰዎች ተመረጡ። እኔ ተመረጥኩ። የአፈሯም። ዓሣውም። ከሌሎች ተቋማትም ጥቂቶች። ሰብሳቢዋ ከሌላ መሥሪያ ቤት ገና የተዛወረች፣ ፊቷ የማይፈታ ሴትዮ ናት። መቀራረብና መጠቃቀም እንዳይኖር ሲባል የአመልካቾች ስም ሁሉ ተሸፍኖ በምትኩ ቁጥር ተጽፏል። ደንቡም በጉልህ ተነበበልን፤ አመልካቹን ያወቀ ሰው ተናግሮ ከክፍሉ ይወጣል።

ጥቂት ማመልከቻዎች በሰላም አለፉ። ከዚያ አንድ ማመልከቻ ወጣና ሰብሳቢዋ የመጀመሪያውን መስመር አነበበች፤ «ይህ ጥናት ሙሉ ጎተራ ከፍታ፣ እጇን ሰድዳ ዱቄት ለምታወጣ እናት ነው።» ቀጥላ ርዕሱን ተናገረች። ስሙ ተሸፍኗል፤ ነቀዙ ግን አልተሸፈነም።

ቁጭ ብል ድምፅ እሰጣቸዋለሁ፤ ብወጣ አንድ የእሳቸው ሰው ይጎድላል። ግን መስኮቷ ስትዘጋባቸው ክንዴን የያዙኝ ሰው ትዝ አሉኝ። እጄን አወጣሁ። «እኔ አመልካቹን አውቃቸዋለሁ። ልውጣ።»

«ይውጡ» አለች ሰብሳቢዋ።

ወንበሬን ሳልስብ የአፈሯ ተነሳች። «እኔም።» ዓሣው ጉሮሮውን ጠራርጎ «እኔንም ይቁጠሩኝ፤ የመጀመሪያ ማመልከቻዬን ያነበብኩት እሳቸው ፊት ነው» አለ። ከማዶ አንዲት የማላውቃት ባለሙያ «ሰልፍ ላይ ሙጫ የሰጡኝ ሰውዬ ከሆኑ እኔም አውቃቸዋለሁ» አለች። አጠገቧ ያለው «ስቴፕለር» አለና ተነሳ። ወንበር እየተንኳኳ ሁሉም ቆመ።

«እንዴ! የሻይ ሰዓት መሰላችሁ እንዴ?» አለች ሰብሳቢዋ።

ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሰው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የመስኮቱ ሰውዬ ነው፤ ዕድገት አግኝቶ እዚያ ደርሷል። «እኔም ልውጣ መሰለኝ እመቤቴ። መስኮቱን የዘጋሁባቸው እኔ ነኝ። በማግስቱ መጥተው 'ልክ ነህ' ብለውኛል። ሥራዬ ላይ እንዲያ ያለኝ ሌላ ሰው የለም» አለ። ፊቱ ላይ የመጀመሪያውን ፈገግታ ያየሁት ያኔ ነው።

ኮሪደሩ ላይ እንደተባረረ ተማሪ ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። አንዱ በጋሼ ድምፅ «ታዲያ ምን ይጠበስ?» አለ። በሳቅ ፈነዳን፤ ሰብሳቢዋ በሩን ከፍታ «ድምፃችሁን ቀንሱ!» እስክትለን ድረስ። ሳቁ ሲበርድ ግን ነገሩ ገባን። ምልዓተ ጉባኤ ካልተሟላ ማመልከቻው ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ጋሼ ጡረተኛ ናቸው፤ በቆሎዋም የለችም። በታማኝነታችን ገደልናቸው ማለት ነው። የአፈሯ «ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፣ ድሮም ያቺ የበጀት ገጽ ናት» እያለች ጥፍሯን ትቆረጥማለች።

በሩ ተከፈተ። ሰብሳቢዋ የደንቡን መጽሐፍ ይዛለች። «አንድ አንቀጽ አለ፤ ማንም ተጠቅሞበት አያውቅም» አለች። «ሁሉም አባል 'አውቃቸዋለሁ' ብሎ ከፈረመ፣ ማመልከቻው እሳቸውን በጭራሽ ለማያውቁ የውጭ ገምጋሚዎች ይላካል። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ሰው ይገኛል?»

«ሩቅ ይላኩት» አለ ዓሣው።

በሰልፍ ፈረምን። ከዚያ የሆነውን ማንም አልነገረንም፤ እኛም ለጋሼ ትንፍሽ አላልንም። ሳምንታት አለፉ። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ መጣ፤ ክፍሉ እስኪለቀቅ ተብሎ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ዛሬም እዚያው ነው፤ አዲስ የተቀጠረ ሁሉ ጉልበቱን እየተመታ «ለምንድን ነው ክፍል ውስጥ የማይገባው?» ይላል፤ እኛም «ክፍሉ ተይዟል» እንለዋለን።

ደብዳቤው የመጣ ዕለት ጋሽ ነቀዝ ቢሮዬ ገቡ። ጋዋናቸውን እንደለበሱ ነው። የደስታ ፊት አልነበራቸውም። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና ከፊቴ ቆሙ።

«አልፌያለሁ ይላል።»

«ጋሼ! እሰይ!»

«ቆይ። አንተ ኮሚቴው ውስጥ እንደነበርክ አሁን ነው የሰማሁት። የአፈሯም ነበረች አሉኝ። እውነቱን ንገረኝ፤ አዝናችሁልኝ ከሆነ ደብዳቤውን አሁኑኑ እመልሰዋለሁ። የእኔ ሲታይ ክፍሉ ውስጥ ማን ነበር?»

«ማንም አልነበረም።»

«አትቀልድብኝ።»

«አልቀለድኩም። አመልካቹን የሚያውቅ ይውጣ ተባለ። ሁላችንም ወጣን። የመስኮቱ ሰውዬ ሳይቀር። ሰብሳቢዋ ብቻዋን ከወንበሮቹ ጋር ቀረች። ያነበቡት እርስዎን አይተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ያለፉት በመጀመሪያው መስመርዎ ነው።»

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም ጋሼ። ኮሪደሩ አልበቃንም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። በጋዋናቸው ጫፍ ጠረጉት፤ መልሰው ሊያደርጉት ሲሉ እንደገና ጠረጉት። ያቺን ቃላቸውን ጠበቅሁ። በወጣትነቴ ያናደደችኝን፣ ዛሬ በኮምፒውተሩ ባዶ ሳጥን ፊት ብቻዬን ስቀመጥ የማጣትን ያቺን ጥያቄ። ቢሉኝ ኖሮ መልስ አላጣም ነበር፤ በጣም እንደምወዳቸው እነግራቸው ነበር።

ጋሽ ነቀዝ ግን ያን ቀን አልጠየቁኝም። ወንበር ስበው አጠገቤ ቁጭ አሉ።